የመንደሩ ባለቤት ማን ነው? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ከአዳማ የጻፉልኝ መምህር ፌስቡክን ትተው ማስቶዶን ወደተባለው ማኅበራዊ መረብ እንዲገቡ የቀድሞ ተማሪያቸው ወትውቷቸዋል። «የማን ነው ብለው የማንም አይደለም አለኝ። ባለቤት የሌለው ቤት ይታመናል?» ይላሉ።

ባለቤቶች አሉት፤ ብዙ ናቸው። ፕሮግራሙን ዩጂን ሮችኮ የተባለ በጀርመን የሚኖር ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ2016 አወጣው፤ የፈለገ ሁሉ ወስዶ በራሱ ሰርቨር፣ ማለትም መረቡን በሚያስተናግድ ኮምፒውተር ላይ ይተክለዋል። እንደ እድር ይቁጠሩት፤ እያንዳንዱ ሰርቨር የራሱ ደንብ፣ የራሱ ዳኛ፣ የራሱ መዋጮ አለው። ሆኖም በአንዱ የተመዘገበ ሰው በሌላው ካለ ወዳጁ ጋር እንደ ኢሜይል ይጻጻፋል። ማስታወቂያ የለውም፤ ጽሑፉም በተጻፈበት ሰዓት ቅደም ተከተል ይመጣል። ጉድለቱንም ይወቁ፤ አስተዳዳሪው ገንዘብ ካጠረው ሰርቨሩን ሊዘጋው ይችላል። ወደ ሌላ ሲዛወሩ ተከታዮችዎ አብረውዎት ይሄዳሉ፣ የጻፉት ግን እዚያው ይቀራል።

ኤክስ (የቀድሞው ትዊተር) ላይ ሰማያዊ ምልክት ያለው ሰው ይታመናል?

ምልክቱ ዛሬ በክፍያ የሚገኝ ነው። አይታመንም።

የልጃቸው ዓይን ሌሊት ስልክ ሲያይ እያደረ መቅላቱን የጻፉ እናት አሉ።

የዓይን ሐኪም ይየው፤ ስልኩም ሳሎን ይደር።

አንድ አንባቢ የአባቱን የላቦራቶሪ ውጤት ለቤተሰቡ የቴሌግራም ቡድን ልኮ «ከእኛ ሌላ ማንም አያየውም አይደል?» ብሎኛል።

ቴሌግራም መልእክትን ከላኪ እስከ ተቀባይ የሚቆልፈው በሁለት ሰዎች መካከል የሚከፈተውን «ምስጢራዊ ውይይት» ብቻ ነው። ቡድን በዚያ መልክ አይቆለፍም። ለትርፍ ባልቆመ ድርጅት የሚመራው ሲግናል ቡድኑንም ይቆልፋል፤ ለእንዲህ ያለው ጉዳይ እሱን ተጠቀም።

ከሜሪላንድ የጻፈችልኝ እህት ደብዳቤ አራት ገጽ ነው። ታናሽ ወንድሟ ጎንደር ይኖራል። ስለ አንድ የተቃጠለ ቤት እያለቀሰ ፌስቡክ ላይ ለለጠፈው ነገር መልስ ብትሰጠው በሰው ፊት ሰደባት፤ ሳይነጋገሩ ሁለት ዓመት ሆናቸው። «ወንድሜ እንዲህ አልነበረም፤ ኢንተርኔት ነው የቀማኝ» ትላለች።

እህቴ፣ ወንድምሽ የራሱ እጅ አለበት፤ ግን ገፊም ነበረው። ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በ2017 የቁጣውን ፊት ጨምሮ ስሜት ገላጭ ምልክቶችን ከተራው «ላይክ» በአምስት እጥፍ አብልጦ መመዘን ጀመረ፤ የቁጣውን ፊት ክብደት በኋላ ቀነሰው። ሰው የተቆጣበት ጽሑፍ ወደ ብዙ ሰው ዓይን ይገፋ ነበር ማለት ነው። ይህ የታወቀው በ2021 የኩባንያው የውስጥ ሰነዶች ሲወጡ ነው። በዚያው ዓመት ባሕር ዳር ውስጥ አንድ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር ስማቸውና ፎቶግራፋቸው ፌስቡክ ላይ ከተሠራጨ በኋላ ቤታቸው ደጃፍ ተገደሉ። ልጃቸው ኩባንያውን ናይሮቢ ከሰሰ፤ የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤትም በ2025 ጉዳዩን የማየት ሥልጣን እንዳለው ወሰነ። እኔ ይህን ክስ በየወሩ እከታተላለሁ።

የላክሽልኝን የወንድምሽን ልጥፍ ፎቶ አጉልቼ አየሁት። የተቃጠለው ቤት በር ላይ ቁጥር የተጻፈበት ቆርቆሮ አለ፤ ከቁጥሩ በላይ ያለው ጽሕፈት የእኛ ፊደል አይደለም። የሌላ አገር ቤት ነው። ወንድምሽ ያለቀሰው ግን እውነተኛ ልቅሶ ነው።

እንደ ማስቶዶን ወዳሉት ነፃ መረቦች ብንሄድ ይድናል ወይ ላልሽው፣ ቁጣን እየመዘነ የሚገፋው ማሽን እዚያ የለም። ክፉ ሰው ግን ይኖራል። ጥላቻ የሚነዛበት ጋብ የተባለው መረብ እ.ኤ.አ. በ2019 የማስቶዶንን ፕሮግራም ወስዶ ተጠቀመበት፤ መከልከል አይቻልም ነበር። አብዛኞቹ ሰርቨሮች ግን በየራሳቸው ውሳኔ በራቸውን ዘጉበት። የሰፈር ሰው ነውረኛን ሲለይ ማለት ይኸው ነው፤ በዚህ ሥርዓት የማምነውም ስለዚህ ነው።

አንቺ ግን መረብ እስኪቀየር አትጠብቂ። በልጥፉ ሥር አትመልሺለት። ደውይለት፤ መጀመሪያ ስለ እናታችሁ ጠይቂው፤ ስለ በሩ ቁጥር በሌላ ቀን ታነሺዋለሽ።

የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነኝ ብላ የጻፈችው ልጅ አንድ ሰው ፎቶሽን እለቃለሁ እያለ ገንዘብ ይጠይቃታል።

ልጄ፣ አንድ ብር አትክፈዪ፤ የከፈለን ሰው ደግመው ይጠይቁታል። መልእክቶቹን አታጥፊ፤ ማስረጃሽ ናቸው። «ቴክ ኢት ዳውን» የተባለ ከክፍያ ነፃ አገልግሎት አለ፤ ፎቶው ከስልክሽ ሳይወጣ መለያ ኮዱን (እንደ ጣት አሻራ ያለ) ብቻ ወስዶ ፌስቡክና ቲክቶክ እንዲያግዱት ያደርጋል። ይህ ሁሉ ግን ፖሊስንና የሕግ ባለሙያን አይተካም። ዛሬውኑ ለእናትሽ ወይም ለምታምኛት አክስትሽ ንገሪና አብራችሁ ፖሊስ ጣቢያ ሂዱ። ጥፋቱ የእሱ ነው፤ ብቻሽን እንዳትሄጂ።