ለወጣት ሐኪሞች፦ አክታውን እዩት

ውድ ልጆቼ፣

ኢንተርንሺፕ ጨርሳችሁ ወደየክልሉ ሆስፒታል ለምትሄዱትና ገና በዋርድ ለምትደክሙት ነው የምጽፈው። ስለ ሳንባ የማወጋችሁ ብዙ ነበረኝ። ዛሬ ግን ስለ አንድ ሰው ብቻ ላውራችሁ፤ “ሳሉ አልተወኝም” እያለ ለሦስተኛ፣ ለአራተኛ ጊዜ ካርድ ስለሚያወጣው።

ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት አንዲት እናት ተመላላሽ ክፍል መጡ። ዕድሜያቸው ወደ ሃምሳ ይጠጋል፤ እንጀራ ጋግረው በመሸጥ ነው ልጆቻቸውን ያሳደጉት። በወጣትነታቸው የሳንባ ነቀርሳ ታመው መድኃኒቱን በወጉ ጨርሰዋል። አሁን እንደገና ያስላሉ፣ ከስተዋል፣ አልፎ አልፎ አክታቸው ላይ ደም ጠብ ይላል። አክታቸው ሦስት ጊዜ ተመርምሮ የቲቢ ጀርም አልተገኘበትም። ኤክስሬያቸው ላይ ግን ጠባሳ ነበር። እኔም ጠባሳውን አይቼ የነቀርሳ መድኃኒት ድጋሚ አስጀመርኳቸው። ያኔ ለድጋሚ ታካሚ የሚሰጠው ሕክምና ስምንት ወር ነበር፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት ስትሬፕቶማይሲን በየቀኑ ይወጋሉ። ተወጉ። መርፌው ጆሮ ይጎዳልና ጆሯቸው ይጮህ ጀመር። ሳሉ እንዳለ ነው።

ትንፋሽ አጥሯቸው ዋርድ የተኙ ጊዜ በዕድሜ የሚበልጡኝ አንዲት ሲስተር ጠሩኝ። “ልጄ፣ እስቲ ና ይህን እይ።” የሌሊቱን አክታ በማርማላታ ጠርሙስ አጠራቅመው መስኮቱ ላይ አስቀምጠውታል። ከላይ አረፋ፣ ከመሐል ድፍርስ ውኃ፣ ከሥር ወፍራም አረንጓዴ መግል። ጠርሙሱ ከግማሽ በላይ ሞልቷል። ለፈተና የሸመደድኩት የብሮንካይክታሲስ፣ ማለትም የአየር ቧንቧ ሰፍቶ አክታ የሚጠራቀምበት በሽታ፣ ምልክት ነበር። ፈረንሳዊው ሐኪም ላኤኔክ ይህን በሽታ እ.ኤ.አ. በ1819 ጽፎት ነበር። እኔ ግን በስምንት ወር ውስጥ አንድም ቀን “እስቲ አክታዎትን ያሳዩኝ” አላልኳቸውም።

የሆነው እንዲህ ነው። የአየር ቧንቧችን ውስጡ በጥቃቅን ፀጉሮች የተሸፈነ ነው፤ ንፍጡን፣ አቧራውንና ጀርሙን እየጠረጉ ወደ ጉሮሮ ያወጣሉ። ነቀርሳ፣ የልጅነት ኩፍኝ ወይም ከባድ የሳንባ ምች ቧንቧውን ሲጎዳው ቧንቧው ይሰፋል፣ ፀጉሮቹ ይጠፋሉ፣ አክታውም መውጫ አጥቶ ይተኛል። የተኛው አክታ ውስጥ ሄሞፊለስ፣ ኒሞኮከስ፣ ሲብስም ሱዶሞናስ የሚባሉ ጀርሞች ይራባሉ። ሰውነት ኒውትሮፊል የሚባሉትን ነጭ የደም ሴሎች ያዘምታል። እነሱ የሚረጩት ኤላስቴዝ የተባለ ኢንዛይም ግን ጀርምና ቧንቧ አይለይም፤ የራስን ግድግዳ ይበላል። ግድግዳው ሲበላ ቧንቧው ይበልጥ ይሰፋል፣ አክታው ይበልጥ ይተኛል፣ ጀርሙም ተመልሶ ይራባል። እንግሊዛዊው ሐኪም ፒተር ኮል በ1980ዎቹ ይህን እንደ አዙሪት አድርጎ አስረዳ፤ እኔም እስከ ዛሬ ለተማሪ የምሥለው ያንን ክብ ነው። አረንጓዴው ቀለም ራሱ የሚመጣው ኒውትሮፊሎቹ ከተሸከሙት ኢንዛይም ነው። ስለዚህ አክታው እየጠቆረ ሲሄድ ቧንቧው ምን ያህል እንደተቆጣ እየነገራችሁ ነው።

አዙሪቱ ከገባችሁ ደግሞ በእንክብል ብቻ እንደማይበጠስ ይገባችኋል። አክታው መውጣት አለበት። ለእኚያ እናት ሲስተሯ ያስተማሯቸውን እኔም ተምሬው ሳስተምር ኖሬአለሁ፦ ጠዋት ምግብ ሳይቀምሱ የታመመው ሳንባ ወደ ላይ እንዲሆን በጎን መተኛት፤ ቀስ ብሎ በረጅሙ መተንፈስ፤ ከዚያ መስተዋት ሊወለውል እንፋሎት እንደሚያለብስ ሰው አፍን ከፍቶ “ሃ” ማለት። አሥር፣ አሥራ አምስት ደቂቃ። ማታም እንዲሁ። ይህን ለማሳየት አልጋው አጠገብ ተቀመጡ። ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ብቻ አትስደዷቸው፤ ማንም አያደርገውም።

አንቲባዮቲክ ጊዜ አለው። ትንፋሹ ከወትሮው አጥሯል? አክታው በዝቷል? ቀለሙ ከፍቷል? መልሱ አዎ ከሆነ ስጡ፤ ካልቸር (ጀርሙን አሳድጎ የሚለይ ምርመራ) ባለበት ግን አስቀድማችሁ አክታውን ላኩ። በብሮንካይክታሲስ አብዛኛውን ጊዜ 14 ቀን እንሰጣለን፤ በጭስና በሲጋራ ለሚመጣው ሥር የሰደደ የሳንባ በሽታ፣ ለሲኦፒዲ፣ 5 ቀን ብዙ ጊዜ ይበቃል። ሲፕሮ የሚባለውን አንቲባዮቲክ ለሳል ሁሉ ማደል ይቅርባችሁ። ነቀርሳ ካለ ለጊዜው ይሸፍነዋል፣ ምርመራውን ያዘገያል፣ ጀርሙንም መድኃኒት ያለማምደዋል። አዚትሮማይሲን ለወራት ሲወሰድ ሕመሙ ቶሎ ቶሎ እንዳያገረሽ ያደርጋል፤ ነገር ግን ነቀርሳና የነቀርሳ ዘመድ የሆኑት ባክቴሪያዎች አለመኖራቸውን ሳታረጋግጡ እንዳትጀምሩት። የነቀርሳን ጀርም ዘረመል የሚፈልገው የጂን ኤክስፐርት ምርመራም ቢሆን ቀድሞ በታከመ ሰው ላይ የሞተ ጀርም ቅሪት አግኝቶ “ፖዘቲቭ” ሊል ይችላል። ውጤቱን ከሰውየው ታሪክ ጋር አንብቡት።

ማድቤቱንም ጠይቁ። እኚያ እናት መስኮት በሌለው ማድቤት ሃያ ዓመት ጭስ ሲውጡ ኖረዋል፤ ጭስ እነዚያን ጥቃቅን ፀጉሮች ያደክማል። “ጭስ ይተዉ” ማለት ለእሳቸው “እንጀራዎትን ይተዉ” ማለት ነበር። ልጃቸውን አስጠርተን ተነጋገርን፤ የማድቤቱን ቆርቆሮ ከጣሪያው ሥር ከፍ አድርጎ ጭስ መውጫ አበጀላቸው።

አልዳኑም፤ የሰፋ ቧንቧ ተመልሶ አይጠብም። በክረምት ያገረሽባቸዋል፤ ሁለቴም ዋርድ ተኝተዋል። ጆሯቸውም እንደ ቀድሞው አልሆነላቸውም፤ ይህን ባየሁ ቁጥር ያመኝ ነበር። እሳቸው ግን ቀጠሯቸውን አያሳልፉም። ጠርሙሷን በነጠላቸው ጫፍ ጠቅልለው ይመጡና ገና ከበሩ ሳይገቡ ወደ ብርሃኑ ያነሷታል። “ዛሬ ሩብም አልሞላች፣ ልጄ” ይሉኝ ነበር።