የዲኤክስህን ሞላ ከማስቆረጥህ በፊት

ወንድሜ፣ «ዲኤክሴ (የድሮዋ ቶዮታ ኮሮላ) ኩርባ ላይ ትንጋደድብኛለች፣ ሞላዋን አስቆርጬ ዝቅ ላድርጋት ወይ?» ብለሃል። እኔ አስቆርጬ አይቻለሁ። ይቅርብህ።

የእኔን በእሳት ነበር የቆረጡልኝ። ሳምንት ያህል አማረችብኝ። ከዚያ በየጉድጓዱ ዷ ማለት ጀመረች። ሞላው ሲያጥር ሾኩ (የሞላውን ንጥረት የሚያበርደው) የሚጫወትበት ቦታ ያጣል። እሳት የነካው ብረት ደግሞ ጥንካሬውን ይለቅና ይቀመጣል። የኋላውማ፣ በክሪክ ሳነሳት ከመቀመጫው ወልቆ አገኘሁት።

ለካ ጥፋቱ መጀመሪያም የሞላው አልነበረም። ጎሚኒዎቹ፣ ማለትም በብረቶቹ መጋጠሚያ ላይ የሚገቡት ላስቲኮች፣ አልቀዋል። 40 ዓመት ያለፈው ላስቲክ ምን ይሆናል ብለህ ነው፣ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። በተለይ ከፊት፣ የታችኛውን አርም (ጎማውን የሚይዘውን ክንድ) ከቦዲው ጋር የሚያያዘውን ዘንግ ጎሚኒ እይ። እሱ ሲያልቅ ፍሬን ስትይዝ መሪው ይንቀጠቀጣል፣ መኪናዋም ወደ አንድ ጎን ትስባለች። ቴስቲናውንም (የመሪው ዘንግ ጫፍ ላይ ያለውን መገጣጠሚያ) አብረህ አስፈትሽ።

ጎሚኒ ሲቀየር ከመካኒኩ አጠገብ አትጥፋ። የአርሞቹ ቡሎን መጨረሻ ላይ የሚጠብቀው መኪናዋ በአራት እግሯ መሬት ከረገጠች በኋላ ነው። በክሪክ እንደተንጠለጠለች ከተጠበቀ፣ ስትወርድ ጎሚኒው ተጠማዞ ይቀራል፤ ቶሎ ይቀደዳል። ይህን ስለው የእኔው መካኒክ ሳቀብኝ። ይሳቅ።

ጠንካራውን የፖሊዩሬቴን ጎሚኒ የሚያወድሱ አሉ። ለአስፋልት እሺ። እኔ የሰፈሬ መንገድ ኮብልስቶን ስለሆነ ላስቲኩን መርጫለሁ።

ሾክ በጥንድ ነው የሚቀየረው። ሶማሌ ተራ ሰልባጅ በርካሽ ታገኛለህ፣ ግን የሌላ ሰው ያለቀ ሾክ ምን ያደርግልሃል? አዲስ ግዛ።

ጎማዬን ከ155 ሚሊ ስፋት ወደ 175/70 በ13 ለወጥኩ። ቁመቱ ከድሮው እምብዛም ስለማይለይ የፍጥነት ቆጣሪው አልተዛባም፤ መንገድ መያዟ ግን ሌላ ሆነ። ገንዘብ ከተረፈህ ወፈር ያለ ስታብላይዘር (ኩርባ ላይ እንዳትንጋደድ የሚይዛት ዘንግ) ፈልግ። ከ20 ሚሊ ወደ 22 ሚሊ ብቻ ቢወፍር፣ መጠምዘዝን የሚቋቋምበት አቅም በግማሽ ገደማ ይጨምራል። እኔ ጋ እስካሁን አልተረፈም።

አሁን ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና ስወርድ መሪውን ጨምድጄ አልይዝም። ድሮ እጄ ያልበኝ ነበር።

አላይመንት (የጎማዎቹን አቅጣጫ ማስተካከል) ሁሉም ነገር ተቀይሮ ካለቀ በኋላ አሠራ። እኔ ቀድሜ አሠርቼ፣ ቴስቲናው ሲቀየር እንደገና ከፍያለሁ።