የሕግ ምክር፦ ቤቱ በብሎን ቢገጠምም ፈቃዱ አይቀርም

ጥያቄ፦ የባሕር ዳር ነዋሪ ነኝ። እስካሁን የምኖረው በኪራይ ነው። አንድ ተገጣጣሚ ቤት የሚሠራ ድርጅት ሁለት ክፍል፣ ኩሽናና መታጠቢያ ያለው ቤት በመኪና አምጥቶ፣ በጥቂት ቀን ገጥሞ ሊያስረክበኝ ተነጋግረናል። ግማሹን ክፈል ብሎኛል። ሻጩ «ተንቀሳቃሽ ንብረት ስለሆነ የግንባታ ፈቃድ አያስፈልገውም፤ ልቀቅ ካሉህ ነቅለህ ትሄዳለህ» ይላል። ማስቀመጫ ሁለት ቦታ አለኝ። አንዱ ሽምብጥ ያለው የእናቴ ግቢ ነው። ነባር ይዞታ ነው (ከሊዝ ሥርዓት በፊት የተያዘ)፣ ካርታውም በእሷ ስም ነው። አባቴ አርፏል፤ ወንድምና እህቶች አሉኝ። ሌላው ጣና ዳር አንድ ገበሬ በውል ሊሰጠኝ ያለው ባሕር ሸሽ፣ ማለትም የሐይቁ ውኃ የሸሸበት መሬት ነው። እይታው ልብ ይወስዳል። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ። ገና ካልከፈሉ ደግ አደረጉ፤ ገንዘቡ ለጊዜው እጅዎ ላይ ይቆይ።

ሻጩ የነገረዎት ግማሹ እውነት ነው። ቤቱ ፋብሪካው ግቢ ውስጥ ወይም መኪና ላይ እስካለ ድረስ ተንቀሳቃሽ ንብረት ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1127 ጠባዩን ሳይለቅ ከቦታ ቦታ ሊሄድ የሚችል ነገርን ተንቀሳቃሽ ይለዋል። የፈቃድ ጥያቄ ግን የሚመለሰው እዚያ አይደለም፤ በሕንፃ አዋጁ ነው። አዋጁ ለመኖሪያም ይሁን ለሌላ አገልግሎት የሚውልን ግንባታ ሁሉ፣ ቋሚውንም ጊዜያዊውንም፣ ሕንፃ ይለዋል። በብሎኬት ተሠራ፣ በሳንድዊች ፓኔል ወይም በኮንቴይነር፣ ሰው ሊያድርበት መሬት ላይ ከተቀመጠ ከተማው ይመለከተዋል።

እንዲያውም ተገጣጣሚ ቤት የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የብሎኬት ቤት ወራት ስለሚፈጅ የጎደለ ወረቀት እስኪሟላ ጊዜ ይሰጣል። ይኼ ግን ሐሙስ ማታ ባዶ በነበረ ቦታ ላይ ዓርብ ረፋድ በቅሎ ይገኛል። ደንብ አስከባሪው ያንን ሲያይ ትዝ የሚለው ቴክኖሎጂው አይደለም፤ የጨረቃ ቤት ነው።

የጣና ዳሩን መሬት ይተዉት። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም። ገበሬው ያለው የመጠቀም መብት ነው። በሽማግሌ ፊት የሚፈረም ወረቀት «የኪራይ ውል» ቢባልም ውስጡ ሽያጭ ከሆነ ፍርድ ቤት ቀርበው የሚከራከሩበት ሰነድ አይሆንም። የእርሻ መሬትም በሁለት ሰዎች ስምምነት ብቻ የመኖሪያ ቦታ አይሆንም። ገበሬው ቅን ሰው ሊሆን ይችላል። ነገር ግን የሌለውን መብት ከየት አምጥቶ ይሰጥዎታል?

በዚያ ላይ ባሕር ሸሽ ነው። ዘንድሮ የሸሸ ውኃ ከርሞ ሊመለስ ይችላል። ከ1988 ዓ.ም. ወዲህ የሐይቁን ከፍታ የሚወስነው የክረምቱ ዝናብ ብቻ አይደለም፤ ዓባይ ከጣና በሚወጣበት በጨራ ጨራ የተሠራው ግድብ በሮች አከፋፈትም ነው። የውኃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 ደግሞ የሚመለከተው አካል የውኃ ዳርቻዎችን እንዲከልል፣ በክልሉ ውስጥም ዛፍ መቁረጥንና መኖሪያ ቤት መሥራትን እንዲከለክል ሥልጣን ይሰጠዋል። ጣናም ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኔስኮ ባዮስፌርነት፣ ማለትም ተፈጥሮው በጥበቃ ሥር እንዲያዝ የተመዘገበ ነው። ቁጥጥሩ ዛሬ የላላ ቢመስልዎት በዚያ አይተማመኑ።

«ነቅዬ እሄዳለሁ» ለሚሉትም ሕጉ መልስ አለው። ለሕዝብ ጥቅም ሲባል መሬት ሲለቀቅ የሚከፈለውን ካሣ የሚወስነው አዋጅ ቁጥር 1161/2011፣ ተነሥቶ ሌላ ቦታ ሊተከል ለሚችል ንብረት የማንሻ፣ የማጓጓዣና የመልሶ መትከያ ወጪ እንዲከፈል ይላል። ለተገጣጣሚ ቤት የተጻፈ ይመስላል። ግን የሚከፈለው ለሕጋዊ ባለይዞታ ነው። ነገ ከተማው ወደዚያ ቢሰፋ ስሙ የሚጠራው ገበሬው ነው። እርስዎ ቤቱን ቢፈቱም የሚቆምበትን ኮንክሪት፣ የሴፕቲክ ጉድጓዱንና የመብራት መስመሩን ጭነው አይሄዱም።

ስለዚህ የሚያዋጣዎት ሽምብጥ ነው። ለዚያም ሥራው የሚጀመረው ከፋብሪካው አይደለም፤ ከፕላን ስምምነቱ ነው። የፕላን ስምምነት ማለት ግንባታ ፈቃድ ከመጠየቁ በፊት ከተማው በዚያ ቦታ ምን ዓይነት ቤት፣ ምን ያህል ከፍታ፣ ከወሰን ምን ያህል ርቆ እንደሚፈቀድ የሚያረጋግጥበት ሰነድ ነው። አመልካቿ እናትዎ ናቸው፣ ካርታው የእሳቸው ስለሆነ። አንድ ባለ ምድር የግል መኖሪያ ቤት በአዋጁ ከቀላሎቹ ሕንፃዎች ምድብ ውስጥ ይወድቃል፤ የሚጠየቀውም ሰነድ ቀለል ይላል። ሁለት ኮንቴይነር አንዱን ባንዱ ላይ ለመደረብ ወይም ብዙ ክፍል ደርድረው ለማከራየት ካሰቡ ግን አስቀድመው ይናገሩ፤ ምድቡም የሚጠየቀው ሰነድም ይለወጣል።

እግረ መንገድዎን ሜትር ይዘው ግቢውን ይለኩ። ባለ 40 ጫማ ኮንቴይነር ርዝመቱ ከ12 ሜትር በላይ፣ ወርዱ ወደ 2.44 ሜትር ነው። የሰፈሩን ቅያስ ይዞራል? ክሬኑ በመብራት ሽቦ ሥር ያልፋል? ቤቱ ከኋላ ሲቀመጥ ከጎረቤት አጥር የሚፈለገው ርቀት ይተርፋል? ግቢው ዋልካ ከሆነ ደግሞ በክረምት የሚያብጠው አፈር ቀላሉን ቤት እንዳያጣምመው መሠረቱን ባለሙያ ይየው። የከፈሉበት ቤት በር ላይ ቆሞ አልገባ ቢል ክሱ ለእኔ ጥሩ ሥራ ነው፣ ለእርስዎ ግን አይደለም።

አሁን ወደ ወንድሞችና እህቶችዎ። እውነቱን ለመናገር ከፈቃዱ በላይ የሚያሳስበኝ ይኼ ነው። ካርታው በእናትዎ ስም ቢሆንም ይዞታውና ቤቱ በጋብቻ ውስጥ የተገኙ ከሆነ የአባትዎ ድርሻ ወራሾች አሉት፤ አንዱም እርስዎ ነዎት። እናትዎ ሲያልፉ «ያ የኋላው ቤት የማን ነው?» የሚል ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። እርስዎ በብሎን የተገጠመ ተንቀሳቃሽ ንብረቴ ነው ይላሉ። ሌላው ወራሽ የፍትሐ ብሔር ሕጉን አንቀጽ 1130 ይዞ ሕንፃ የማይንቀሳቀስ ንብረት ነው ይላል። አንቀጽ 1132ንም ይጨምርበታል፦ ሳይሰበር ወይም ሳይበላሽ ሊለያይ የማይችል ነገር የዋናው ንብረት ክፍል ነው። ዳኛው ሄዶ የሚያየው ብሎኑን ብቻ አይሆንም፤ ሊሾ ወለሉን፣ የቧንቧውን መስመርና በኋላ የቀጠሉትን በረንዳ ጭምር ነው። በረንዳ የማይቀጥል ሰው ደግሞ ገና አላየሁም።

መፍትሔው ወረቀት ነው። ከእናትዎና ከሌሎቹ ወራሾች ጋር፣ ቤቱን በገንዘብዎ እንዳስተከሉ፣ ሲፈልጉ ማንሣት እንደሚችሉ፣ ከተነሣ መሠረቱ ለማን እንደሚቀር ይጻፉ። ነገሩ የማይንቀሳቀስ ንብረትን ስለሚነካ በአንቀጽ 1723 መሠረት በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን ባለው አካል ፊት ይሁን። «ከእናት ጋር ምን ውል?» ይሉ ይሆናል። ውሉ ከእሳቸው ይልቅ ለእሳቸው ልጆች ነው።

እናትዎ ርኅሩኅ ሆነው «ከግቢው ቆርጬ በስምህ ላዛውርልህ» ቢሉ ግን ቆም ይበሉ። በሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 በነባር ይዞታ ላይ ያለ ንብረት ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ ሲተላለፍ ተቀባዩ መሬቱን የሚይዘው በሊዝ ነው። ስጦታም ከውርስ ውጭ ነው። ስለዚህ በፍቅር የተሰጠዎት ቦታ የሊዝ ክፍያ ይዞ ይመጣል።

ምናልባት ወደፊት በማኅበር ወይም በጨረታ የራስዎን ቦታ ካገኙ ይህን ቤት ወስጄ እተክለዋለሁ ብለው አስበው ይሆናል። ጥሩ ሐሳብ ነው፤ እንቅፋት ግን አለው። የሊዝ አዋጁ ግንባታ ተጀመረ የሚለው ቢያንስ መሠረቱ ወጥቶ የኮለን (የኮንክሪት ምሰሶ) ብረት ሲቆም ነው። ኮለን የሌለው የፓኔል ቤት በዚህ መለኪያ መቼ ተጀመረ ሊባል ነው? ሕጉ የተጻፈው ሲሚንቶና ፌሮ ብቻ ታስቦ ነው። ለአነስተኛ ግንባታ እስከ 24 ወር የማጠናቀቂያ ጊዜ ይሰጣል፤ በቀናት የሚተከል ቤት ባለቤት ግን መጀመሩን ለማስረዳት ሊቸገር ይችላል። ይህ መስተካከል አለበት ባይ ነኝ። እስከዚያው የሊዝ ውል ሲፈርሙ የቤቱ ዓይነት ተገጣጣሚ መሆኑንና ምን ሲደረግ ግንባታ እንደተጀመረ እንደሚቆጠር በጽሑፍ ያስገቡ። አዋጆችና መመሪያዎች ስለሚሻሻሉም ክፍለ ከተማው ሲሄዱ በሥራ ላይ ያለውን መመሪያ ይጠይቁ።

የቀረው ከድርጅቱ ጋር ያለው ውል ነው። የሚከፍሉት ገንዘብ ቀብድ ነው ወይስ ቅድሚያ ክፍያ? ለይተው ያስጽፉ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1885 ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ሲተው ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ሲተው ዕጥፍ ይመልሳል። ከተማው ፈቃድ ከልክሎዎት ውሉን ቢተዉ የሚጎዱት እርስዎ ነዎት ማለት ነው። ስለዚህ «ይህ ውል የሚጸናው ገዢው የፕላን ስምምነትና የግንባታ ፈቃድ ሲያገኝ ነው፤ ካላገኘ የተከፈለው ሙሉ በሙሉ ይመለሳል» የሚል አንቀጽ ይግባበት። የፓኔሉ ውፍረት፣ የማጓጓዣውና የክሬኑ ወጪ በማን እንደሆነም ይጻፍ። ድርጅቱ ይህን አልፈርምም ካለ ሌላ ድርጅት ይፈልጉ።