ቢግልን ሜዳ ላይ ስለ መልቀቅ፦ ከሱሉልታ ለለገጣፎው ጠያቂ

ጠያቂያችን፣ ለገጣፎ ስለሚያሳድጉት፣ ቢግል ስለሚባል ዝርያ የአንድ ዓመት አዳኝ ውሻ «ሜዳ ወስጄ ያለ ገመድ ብለቀው ይመለሳል ወይ? የትስ ልልቀቀው?» ብለው የጻፉትን አንብቤአለሁ። እኔ ሱሉልታ ነው የምኖረው፤ ዛሬ ፖይንተር የሚባል ሌላ ዝርያ አዳኝ ውሻ አለኝ፣ ከእርሱ በፊት ቢግል ነበረኝ፤ ስለዚህ የእርስዎ ነገር የእኔው ነው ብዬ በቀጥታ ወደ ጉዳዩ እገባለሁ።

አንደኛ፣ ቢግል የሚያድነው በአፍንጫው ነው። ጥንቸል ያለፈችበትን ሽታ ከያዘ በኋላ ስሙን ደጋግመው ቢጠሩት አይሰማም፤ ይህም እልከኝነት ሳይሆን ሰው ለረጅም ዘመን መርጦ ያራባው ጠባዩ ነው። ሽታ በረጠበና በቀዘቀዘ መሬት ላይ ስለሚቆይ የክረምት ማለዳ ለመልቀቅ የከፋ ጊዜ ነው፤ በበጋ ፀሐይዋ ሞቅ ካለች በኋላ ግን ሽታው ቶሎ ይጠፋል፣ ውሻውም ጥሪ መስማት ይጀምራል። ግሬይሀውንድ የሚባለው ዝርያ ያላቸው ሰዎች ይህን ምክር አይውሰዱ፤ የእነርሱ ውሻ በዓይኑ አይቶ የሚያሳድድና በሰዓት እስከ 70 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ ስለሆነ ከተነሣ በኋላ መጥራት ትርፉ ድካም ነው።

ሁለተኛ፣ ከ10 እስከ 15 ሜትር የሚረዝም ገመድ ደረቱን በሚያቅፍ ማሰሪያ ላይ ይሰሩለት። ሮጦ ገመዱ ሲያልቅበት ስለሚጎዳው በአንገቱ ላይ ፈጽሞ አይሰሩት። ገመዱ መሬት ለመሬት ይጎተት፤ እርስዎ ጫፉን ለመርገጥ በሚያስችል ርቀት ይከተሉ። በፊሽካ ይጥሩት፣ በመጣ ቁጥርም የተቀቀለ ሳንባ ይስጡት፤ ደረቅ ዳቦ ከጥንቸል ሽታ ጋር አይወዳደርም። ሳንባውን ከበላ በኋላ ብዙውን ጊዜ መልሰው ይልቀቁት፤ በመጣ ቁጥር ወደ ቤት የሚወስዱት ከሆነ መምጣቱን እንደ ቅጣት ይቆጥረዋል።

ሦስተኛው በግ ነው፤ እዚህ ላይ ግን ምክሩን አቆይቼ የደረሰብኝን ብነግርዎ ይሻላል። በአንድ የፋሲካ ሰሞን፣ በጎች ወደ ከተማ እየተነዱ በሚያልፉበት ወቅት፣ ባለቤት የሌላቸው ውሾች ተሰባስበው የአንድ ጎረቤቴን በግ ገደሉ። የእኔ ቢግል በዚያ ሰዓት ገመዱ በእጄ ነበር። ሆኖም ወደ አንድ ጽሕፈት ቤት ተጠራሁ፤ ኃላፊውም፣ በዕድሜ አባቱ የምሆነውን ሰው፣ «በዚህ ሜዳ ውሻ ይዘህ የምትዞረው አንተ ብቻ ነህ» አለኝ። በጉን ሄዶ አላየም፣ የክትባት ካርዱን ልስጠው ብል አልተቀበለኝም፣ ወንበር እንኳ አላቀረበልኝም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2071 የእንስሳ ባለቤት፣ እንስሳው በድንገት አምልጦ ጉዳት ቢያደርስም እንኳ፣ ኃላፊ እንደሚሆን ይደነግጋል፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን ሕጉ የሚናገረው የእኔ እንስሳ ስላደረሰው ጉዳት እንጂ በሜዳው ላይ ስለ ሞተ በግ ሁሉ አይደለም። ይህን ብነግረው «ጨርሰናል» ብሎ ፋይሉን ዘጋው። በመጨረሻ ጉዳዩን የያዙት ሽማግሌዎች ናቸው፤ ከእነርሱ አንዱ ገመዱንም የውሾቹንም መንጋ አይቶ ስለነበር መሰከረልኝ፣ እኔም ለጉርብትና ስል የበጉን ግማሽ ዋጋ ከፈልኩ። የበጉ ባለቤት እስከ ዛሬ ቡና ይጠራኛል።

ስለዚህ ውሻዎን ከመልቀቅዎ በፊት ለእረኞቹና ለአካባቢው ሽማግሌዎች ያሳዩት። የሚከሰሰው ባለቤት ያለው ውሻ ነውና የሚያውቅዎ ምስክር ያስፈልግዎታል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ካርዱንም በኪስዎ ይያዙ፤ እረኛ ልጅ ቢነከስ ቁስሉ ወዲያው በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ይታጠብ፣ ካርድ ቢኖርም ባይኖርም ልጁ ጤና ጣቢያ ይሂድ። በበዓል ዋዜማ በጎች ስለሚነዱ፣ ከበዓል ማግስት ደግሞ በየመንገዱ የሚጣለው አጥንትና ጭንቅላት የውሻ መንጋና ጅብ ስለሚሰበስብ፣ በእነዚያ ቀናት ገመዱን አይፍቱ። ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላም እንዲሁ። እህሉ ታጭዶ እስኪነሣ ድረስ ማሳ ውስጥ አይግቡ። እንጦጦና መናገሻ ጫካ ወስጄ ልልቀቀው የሚለውን ሐሳብ ይተዉት፤ ድኩላ አለ፣ ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ማደን ደግሞ በሕግ የተከለከለ ነው፤ «እኔ ሳልሆን ውሻዬ ነው» የሚል መልስ ያድናል ብዬ አልመክርዎትም።

የአሁኑ ፖይንተሬ በዚህ መንገድ የሠለጠነ ነው። ሱሉልታ ላይ ማለዳ አትሌቶች በቡድን ሲሮጡ ያልሠለጠነ ውሻ ተከትሎ መሮጡ አይቀርም፤ የእኔው አንድ ፊሽካ ሲሰማ ቁጭ ይላል፣ አሠልጣኞቹም ያውቁታል።

የት ልልቀቀው ላሉት፣ በእርስዎ በኩል ግንባታው ቆሞ አጥሩ ያለ ግቢ አይጠፋም። ባለቤቱን ወይም ጥበቃውን አስፈቅደው፣ ውሻውን ከማስገባትዎ በፊት አጥሩን በእግርዎ ይዙሩት፤ ቢግል ከመዝለል ይልቅ ከሥር መቆፈር ይቀናዋልና ቆርቆሮው ከመሬት የተነሣበትን ቦታ ሁሉ በድንጋይ ይድፈኑ።