ጄኔራል መሆን ለሚፈልገው መነጽር አድራጊ ተማሪ

ከኮምቦልቻ የጻፍክልኝ የ12ኛ ክፍል ተማሪ፣ ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። «የአየር ኃይል ጄኔራል መሆን እፈልጋለሁ። ግን መነጽር አደርጋለሁ፤ እናቴም ወታደር አትሆንም ብላኛለች። ልተወው?» ብለሃል።

አትተወው። ግን መጀመሪያ ስለ ሥራው እናውራ። የጻፍክልኝ በብዛት ስለ በረራ ነው። የጄኔራል ሥራ ደግሞ አብዛኛው መሬት ላይ ነው። ከምክትል መቶ አለቃ ተነስተህ መቶ አለቃ፣ ሻምበል፣ ሻለቃ፣ ሌተናል ኮሎኔል፣ ኮሎኔል ትሆናለህ። ብርጋዴር ጄኔራልነት ከዚያ በኋላ ነው፤ ብዙ ዓመት ይፈጃል። ማዕረግህ ከፍ ባለ ቁጥር የምትበርበት ሰዓት ያንሳል። ስለ ሰው፣ ስለ መለዋወጫ፣ ስለ ነዳጅና ስለ በጀት መጨነቁ ይበዛል። አየሩ ተበላሽቶ ሳለ አንድ ወጣት አብራሪ ይነሳ ወይስ ይቅር ሲባል፣ የመጨረሻዋን ቃል የምትናገረው አንተ ትሆናለህ። እንዲህ ያለ ውሳኔ እንቅልፍ ይነሳል። ይህንንም ትፈልገዋለህ?

ቢሾፍቱ ዘመድ ካለህ ለዕረፍት ሂድ። ከጣሊያን ወረራ በኋላ ስዊድናዊው ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን አየር ኃይሉን ያደራጁት እዚያ ስለነበር፣ ከተማው ጡረተኛ መኮንንና ቴክኒሻን አያጣም። ቡና ጋብዘህ ጠይቃቸው። ስለ ጀብዱ አትጠይቅ፤ ስለ አንድ ተራ ማክሰኞ ውሏቸው ጠይቅ።

ስለ መነጽሩ፦ የአብራሪ የጤና ምርመራ ጥብቅ ነው፣ በተለይ በዓይን። በግምት አትኑር። ዘንድሮውኑ ሐኪም ጋ ሄደህ ዓይንህ ያለበትን ደረጃ እወቅ፤ የምልመላ ማስታወቂያ ሲወጣ ከመመዘኛው ጋር አስተያየው። ባይሆንልህም በሩ አይዘጋም። ፊዚክስ ይቀናኛል ብለሃል። ጥገና፣ ራዳር፣ የበረራ ቁጥጥር መኮንን ይፈልጋሉ። እውነቱን ልንገርህ፣ በብዙ አገር ዋናው አዛዥ የሚመረጠው ከአብራሪዎች ነው። ቢሆንም እኔ በአንተ ቦታ ብሆን ምህንድስናውን በሁለተኛ ምርጫ ሳይሆን በእኩል ዓይን ነበር የማየው።

እናትህን ግን በክርክር ለማሸነፍ አትሞክር። ስጋታቸው እውነት ነው። ብርጋዴር ጄኔራል ለገሠ ተፈራን አስታውስ። በኦጋዴን ጦርነት ኤፍ-5 የተባለውን ተዋጊ ጄት እያበረሩ ሚግ የሚባሉትን የጠላት ጄቶች ጥለዋል። ከዚያ እሳቸውም ተመትተው ተማረኩ፤ እስከ 1980 ዓ.ም ድረስ 11 ዓመት ገደማ በሶማሊያ እስር ቤት ቆዩ። እኛ ስለ ጀግንነታቸው ስናወራ ቤተሰባቸው የጠበቀበትን ጊዜ እንረሳለን። እናትህ የሚያስቡት ያንን ነው።

ስለዚህ ይህን ታሪክ አትደብቃቸው፤ ራስህ አንሳላቸው። ከመፈረምህ በፊትም ስንት ዓመት የማገልገል ግዴታ እንዳለብህ አብራችሁ አንብቡ። የሚሉህን ሰምተህ እንደገና ጻፍልኝ።