ያገለገለ ቫን፦ ስንት ብዬ ልጥራ?

ታይሚንግ ቺንጋው (የሞተሩ ቫልቭና ፒስተን ጊዜያቸውን ጠብቀው እንዲንቀሳቀሱ የሚያደርገው ቀበቶ) መቼ እንደተቀየረ ለማይታወቅ፣ የኋላ በሩ ለዛገና መደርደሪያ ላስገጠምክበት ቫን ዋጋ ስታወጣ መነሻህ የገዛህበት ዋጋ አይሁን። መነሻህ ዛሬ ለሽያጭ የቀረቡት መሰሎቹ ናቸው።

1. ሞዴሉ፣ ሞተሩ፣ ርዝመቱና የጣሪያው ከፍታ አንድ የሆነ፣ የተመረተበት ጊዜም ከአንድ ዓመት በላይ የማይራራቅ ከ8 እስከ 10 ማስታወቂያ ሰብስብ። ውዱንና ርካሹን ጥለህ መሃል ያለውን ያዝ። ወር አልፎት ያልተሸጠውን አትቁጠር፤ በዚያ ዋጋ ገዢ አጥቷል።

2. ቺንጋውን ለማስቀየር መካኒክ የሚጠይቅህን ሙሉውን ቀንስ። ደረሰኝ ከሌለህ ገዢው እንዳልተቀየረ ነው የሚቆጥረው፣ እውነቱንም ነው፤ ቺንጋው ቢበጠስ በአብዛኛው ናፍጣ ሞተር ላይ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ። ጎማው ጥርሱ ከ3 ሚሊሜትር በታች ከሆነ እሱንም ቀንስ።

3. ዝገቱን በጠመንጃ መፍቻ ጫፍ ጫን አድርገህ እየው። ቀለሙ ብቻ ከተነሳ ቀላል ነው። ብረቱ ከሰረገደ ወይም ተንሸራታች በሩ የሚሄድበት ሐዲድና ሻንሲው ድረስ ከደረሰ፣ የብየዳ ዋጋ አስነግርና እሱንም ቀንስ።

4. መደርደሪያው ዋጋ አይጨምርልህም። ፈትተህ ለብቻው ሽጠው።

የቀረው የመጨረሻ ዋጋህ ነው፤ ለድርድር ከ5 እስከ 8 በመቶ ጨምረህ ጥራ። ከዚያ በላይ ከሰቀልከው ደዋይ አይኖርም።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ፦ ገዢ ሊያይ ሲመጣ ሞተሩን አስቀድመህ አታሙቀው። የሚያውቅ ሰው መጀመሪያ ኮፈኑን ነው የሚዳስሰው፤ ከሞቀ ጠዋት አልነሳ የሚል መኪና እየደበቅክ ይመስለዋል፣ ከዚያ በኋላ ደረሰኝ ብታሳየውም አያምንህም።