አዲሱን ኳስ ለምትቀበሉ ወጣቶች

በወላጆቻችሁ ወይም በታላላቆቻችሁ ሙያ ለመሰማራት የተነሳችሁ ልጆቼ፣ «የእገሌ ልጅ ስለሆነ ነው» የሚለው ሐሜት ምን ያህል እንደሚያማችሁ አውቃለሁ። ዕድሜዬን በስፖርት ጋዜጠኝነት ስለጨረስኩ ብዙ የስፖርት ቤተሰቦችን ተከታትያለሁ። ለእናንተ ይበጃል የምለውን ሰው ያገኘሁት ግን እኛ አገር እምብዛም ከማይታወቀው ከክሪኬት ነው፤ ፓኪስታናዊው ቀዳሚ መቺ ሃኒፍ መሐመድ።

በክሪኬት ቀድመው የሚገቡት ሁለቱ መቺዎች ሥራቸው ከሁሉም ይከብዳል። ኳሱ አዲስና ጠጣር ነው፤ አየር ላይም ይታጠፋል። ወርዋሪዎቹ ገና አልደከሙም። ቀዳሚው መቺ ያንን ሰዓት ከቻለው ከኋላው ለሚገቡት ይቀልላቸዋል። ስለዚህ ትልቁ ችሎታው የማይመታውን ኳስ ለይቶ መተው ነው።

ሃኒፍ እ.ኤ.አ. በ1934 ዛሬ ሕንድ ውስጥ ባለችው ጁናጋድ ተወለደ። ሕንድና ፓኪስታን ሲለያዩ ቤተሰቡ ቀዬውን ጥሎ ካራቺ ገባ፤ መጠለያ ያገኘውም ባዶ በቀረ የሂንዱ ቤተ መቅደስ ውስጥ ነበር። አባትየው ብዙም ሳይቆዩ ሞቱ። ከአምስቱ ወንድማማቾች ዋዚር፣ ሃኒፍ፣ ሙሽታቅና ሳዲቅ ለብሔራዊ ቡድን በቁ። ስሙን ማንም አላወረሳቸውም፤ ራሳቸው ሠሩት።

እ.ኤ.አ. በጥር 1958 ባርቤዶስ፣ ብሪጅታውን ላይ የሆነውን ላጫውታችሁ። የካሪቢያን ደሴቶች ቡድን ዌስት ኢንዲስ 579 ራን (የክሪኬት ነጥብ) አስቆጠረ፤ ፓኪስታን በ106 ተሰናበተና በ473 ተበልጦ ወዲያው በድጋሚ እንዲገባ ተገደደ። የስድስት ቀን ግጥሚያ ነው፤ ቀኑ ገና ሦስተኛው ነበር። ያኔ የራስ መከላከያ ቆብ የሚባል ነገር የለም። ሃኒፍ በሦስተኛው ቀን ማታ 61፣ በአራተኛው 161፣ በአምስተኛው 270 ላይ ደርሶ አደረ። ፀሐዩ የፊቱን ቆዳ ላጠው። አምበሉ ካርዳር ሌሊት ሌሊት የማበረታቻ ወረቀት ይተውለት ነበር። በመጨረሻ በ337 ሲወጣ 970 ደቂቃ ቆሞ ነበር፤ ግጥሚያውም ጊዜው አልቆ በአቻ ተጠናቀቀ። እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው፦ ከዚያ ሁሉ ሰዓት በኋላ አብሮት የቆመው ታላቅ ወንድሙ ዋዚር ነበር፤ ሁለቱ አንድ ላይ 121 ጨመሩ። ቤተሰብ የሚሰጠው ነገር ይህ ይመስለኛል። ኳሱን ማንም አይመታልህም፤ ድካምህን የሚያውቅ ሰው ግን ከጎንህ ይቆማል።

ዓመት ቆይቶ፣ በጥር 1959፣ የካራቺ ቡድን ከባሃዋልፑር ቡድን ጋር ሲጫወት አምበሉ ይኸው ዋዚር ነበር። ሃኒፍ 255 ላይ ሲያድር «የብራድማንን 452 ማለፍ ትችላለህ» ብሎ ያሳመነው እሱ ነው፤ የአውስትራሊያዊው ብራድማን 452 አንድ መቺ በአንድ ዙር ያስቆጠረው ከፍተኛው ነጥብ ነበር፤ ሃኒፍ ራሱ እንዲህ ያለ ሐሳብ አልነበረውም። በማግስቱ አለፈው። ቀኑ ሊያልቅ ሁለት ኳስ ሲቀር የነጥብ ሰሌዳው 496 ይላል፤ ሃኒፍም ቀጣዩን ኳስ ራሱ ለመምታት ሲሮጥ ሳይደርስ ቀርቶ ከጨዋታ ወጣ። ለካስ 499 ደርሶ ነበር። የሰሌዳው ስህተት 500ን አስቀረበት፤ ሆኖም ክብረ ወሰኑ የዌስት ኢንዲሱ ብራያን ላራ እ.ኤ.አ. በ1994 501 እስኪያስቆጥር ድረስ ጸና።

ልጁ ሾዓይብም ቀዳሚ መቺ ሆነ። አባቱ በ1965 ላሆር ላይ ሳይወጣ (ወርዋሪዎቹ ሳያስወጡት) 203 አስቆጥሮ ነበር፤ ልጅየውም በ1989 እዚያው ላሆር ሳይወጣ 203 አስቆጠረ። ለብሔራዊ ቡድን ባስቆጠረው አማካይ ነጥብም አባቱን በጥቂቱ ይበልጠዋል፤ 44.34 ለ43.98። እንዲህም ሆኖ የሃኒፍ ልጅ መባሉ አልቀረለትም። እናንተንም ይሏችኋል፤ መልስ በመስጠት ጊዜ አታጥፉ።

አምስተኛውን ወንድም፣ ራኢስን፣ አልረሳሁትም። እ.ኤ.አ. በ1955 ዳካ ላይ ከሕንድ ጋር በተደረገው ግጥሚያ አሥራ ሁለተኛ ተጫዋች፣ ማለትም ተጠባባቂ፣ ነበር፤ ከዚያ በላይ ሳይሄድ ቀረ። ብዙዎቻችሁ የምትሆኑት እንደ እሱ ነው፤ ይህን በክፋት አልናገርም። ወንድሞቻችሁ ሲጠሩ ስማችሁ የማይነሳባቸው ቀናት ይመጣሉ። ያኔ ሙያውን የምትወዱት ለራሱ ለሥራው ከሆነ ቆዩ፤ ለስሙ ብቻ ከሆነ ደግሞ ዕድሜያችሁ ሳይገፋ፣ ሳታፍሩ፣ ለቤተሰባችሁ በግልጽ ነግራችሁ ሌላ ሙያ ጀምሩ።